«ፖዘቲቭ» ሲባል ምን ማለት ነው? የቫይረስና የበሽታ መከላከያ ምርመራ ውጤቶችን ስለ ማንበብ

ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው ጎዳና አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዝን የምናገኛት ጉደር፣ በወንዟና በስሟ በሚጠራው ቀይ ወይን ጠጅ የታወቀች፣ የቶኬ ኩታዬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዚህችም ከተማ እንደ ሌሎቹ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ሁሉ፣ የጥር ወርና ከፋሲካ በኋላ ያለው የሠርግ ጊዜ ሲቃረብ የተጫጩ ወጣቶች ወደ ጤና ተቋም ሄደው የኤች አይ ቪ ምርመራ ያደርጋሉ። ምርመራው ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚነገር አንድ ቃል ግን የታጨን ጋብቻ ሊያፈርስ፣ ሁለት ቤተሰብ ሊያቃቅር፣ አንዳንዴም አንድን ወጣት ተስፋ አስቆርጦ ከሰው ሊለይ ይችላል።

ለተማሪዎቻችን በክፍል ውስጥ ደጋግመን የምናቀርበው አንድ ጥያቄ አለ። «አንድ ምርመራ 99 በመቶ ትክክል ነው ተብሏል። ውጤቱ ፖዘቲቭ ከሆነ ቫይረሱ በተመርማሪው ደም ውስጥ የመገኘቱ ዕድል ስንት ነው?» አብዛኞቹ ያለ ማመንታት «99 በመቶ» ብለው ይመልሳሉ። መልሱ ግን ይህ አይደለም። እንደ ተመርማሪው ሁኔታ ከ30 በመቶ በታች ሊሆን ይችላል፤ ከ99 በመቶም ሊበልጥ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ይህ እንዴት እንደሚሆን፣ ከዚያም አልፎ የሲዲ4፣ የቫይረስ መጠንና የጉበት ቫይረስ ምርመራ ወረቀቶች እንዴት እንደሚነበቡ እንመለከታለን። የፊዚክስ መምህራን ስለ ደም ምርመራ መጻፍ ምን አገባቸው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ላቦራቶሪ የሚሠራው ሥራ ልኬት ነው፤ ልኬት ደግሞ የደምም ሆነ የኤሌክትሪክ ሕጉ አንድ ነው። በውጭ አገር ለዶክትሬት ስንማር በመጀመሪያው ሳምንት የተነገረን፣ የስሕተት ወሰኑ ያልተጻፈበት ቁጥር ቁጥር እንዳልሆነ ነበር። (በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀዩ መስመር ከየት ይመጣል?

ፈጣን በመባል የሚታወቀው የኤች አይ ቪ ምርመራ በአብዛኛው ቫይረሱን ራሱን አይፈልግም። የሚፈልገው ቫይረሱ ወደ ሰውነት ሲገባ የመከላከያ ሥርዓታችን የሚያመርታቸውንና አንቲቦዲ የሚባሉትን ፀረ እንግዳ አካላት ነው። ቫይረሱን በሌባ ብንመስለው፣ ምርመራው የሚያዳምጠው የውሻውን ጩኸት ነው እንጂ ሌባውን አያይም። ውሻ ደግሞ ሌባ ሳይመጣም ሊጮኽ ይችላል፤ ሌባው ገብቶም ገና ያልነቃበት ጊዜ ይኖራል። ከዚህ በታች የምንናገረው አብዛኛው ነገር ከእነዚህ ሁለት ሁኔታዎች የሚመነጭ ነው።

ከጣት የተወሰደች የደም ጠብታ በመመርመሪያው ጫፍ ላይ ስትደረግ፣ ፈሳሹ የኩራዝ ክር ላምባ በሚስብበት በዚያው ኃይል በወረቀቱ ውስጥ እየተሳበ ይጓዛል። በአብዛኞቹ መመርመሪያዎች ውስጥ ፈሳሹ በመንገዱ ላይ እጅግ የደቀቁ የወርቅ ቅንጣቶችን ይዞ ያልፋል። ወርቅ እስከ አሥር ቤት ናኖሜትር ድረስ ሲደቅ ቢጫነቱ ይቀርና ቀይ ይሆናል። በቅንጣቶቹ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ከአረንጓዴው ብርሃን ጋር አብረው ስለሚወዛወዙ አረንጓዴው ይዋጥና ለዓይናችን ቀዩ ይቀራል። በወረቀቱ መካከል የቫይረሱን ፕሮቲን የሚመስል ነገር በቀጭን መስመር ተቀብቷል። በደሙ ውስጥ ከዚህ ፕሮቲን ጋር የሚገጥም ፀረ እንግዳ አካል ካለ በዚያ ይያዛል፤ ወርቁም አብሮት ይከማችና ቀይ መስመር ይወጣል። ሁለተኛው መስመር የመቆጣጠሪያ ነው። እርሱ ካልወጣ ምርመራው እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

ፀረ እንግዳ አካል ቁልፍ፣ ፕሮቲኑ ደግሞ ጓጉንቸር ነው ማለት ይቻላል። በሰው ደም ውስጥ ግን ለሌላ በር የተቀረጹ እልፍ አእላፍ ቁልፎች ይመላለሳሉ። ሌላ ሕመም ወይም እርግዝና የመከላከያ ሥርዓቱን ሲያነቃቃ፣ ከቁልፎቹ አንዱ በአጋጣሚ ይህን ጓጉንቸር በከፊል ሊገጥመው ይችላል። ያን ጊዜ ቫይረስ በሌለበት ደም ቀይ መስመር ይወጣል። በዚህ ላይ የሰው ስሕተት ይጨመርበታል። ወረቀቱ ከተወሰነለት ደቂቃ በኋላ ሲነበብ ሐሰተኛ መስመር ሊታይ ይችላል፤ የአንዱ ናሙና በሌላው ስም የተጻፈ እንደሆነም የትኛውም ኬሚስትሪ አያድነውም።

ከ10,000 ሰዎች መካከል

አንድ ምርመራ ሁለት የተለያዩ ብቃቶች አሉት። የመጀመሪያው ቫይረሱ ካለባቸው ሰዎች መካከል ስንቱን እንደሚያገኝ የሚገልጸው የማግኘት ብቃት ነው። ሁለተኛው ቫይረሱ ከሌለባቸው መካከል ስንቱን በትክክል «የለም» እንደሚል የሚገልጸው የማግለል ብቃት ነው። «99 በመቶ ትክክል» የሚለው አነጋገር ሁለቱን ስለሚያደባልቅ ብዙ ሰው ያሳስታል። ሁለቱም ብቃቶች የሚነሡት የሰውዬውን ሁኔታ አስቀድመው ካወቁ በኋላ ነው፤ ተመርማሪው የሚጠይቀው ግን በግልባጩ ነው፤ «መስመሩ ወጥቷል፣ እኔ እንዴት ነኝ?» ይላል።

ይህን ለመመለስ አንድ ሦስተኛ ቁጥር ያስፈልጋል፤ እርሱም ከምርመራው በፊት ቫይረሱ በዚያ ሕዝብ መካከል ያለው ስርጭት ነው። በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሰዎች መካከል 0.9 በመቶው ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ አመልክቷል። ይህ አማካይ ግን ሁለት የተለያዩ ዓለሞችን ይሸፍናል፤ በከተማ 2.9 በመቶ፣ በገጠር 0.4 በመቶ ነበር።

አሁን ከጉደር ዙሪያ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች 10,000 ሰዎች ለምርመራ መጡ እንበል። ስርጭቱም እንደ አገሪቱ ገጠር 0.4 በመቶ ነው ብለን እንነሣ። ስለዚህ ቫይረሱ ያለባቸው 40 ናቸው፤ የሌለባቸው 9,960 ናቸው። ምርመራው ያሉትን ሁሉ ያገኛል፣ የማግለል ብቃቱም 99 በመቶ ነው እንበል። አርባዎቹ ሁሉ ቀይ መስመር ያያሉ። ከ9,960ዎቹም መካከል አንድ በመቶው፣ ማለትም ወደ 100 የሚጠጉ ጤነኞች፣ ቀይ መስመር ያያሉ። ስለዚህ መስመር ከወጣላቸው 140 ሰዎች መካከል ቫይረሱ በእርግጥ ያለባቸው 40 ብቻ ናቸው፤ ይህም 29 በመቶ ያህል ነው። የቀሩት 71 በመቶ፣ የምርመራውን ቃል እንደ ፍርድ ከወሰዱት፣ በሌለባቸው ሕመም ሊያዝኑ ነው።

በዚያው መመርመሪያ፣ በዚያው ባለሙያ እጅ፣ የከተማው ስርጭት ካላቸው ሰዎች መካከል 10,000 ብንመረምር ደግሞ ቫይረሱ ያለባቸው 290፣ በስሕተት መስመር የሚወጣላቸው 97 ይሆናሉ። ከ387ቱ መካከል 290 እውነት ነው፤ 75 በመቶ። ወረቀቱም ወርቁም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተጠየቀው ሕዝብ ብቻ ነው። ይህን ዓይነት ስሌት በጽሑፍ ያቆየልን ቶማስ ቤይዝ የተባለው እንግሊዛዊ የሃይማኖት አገልጋይ ሲሆን፣ ሥራው የታተመው እርሱ ከሞተ በኋላ በ1763 ነበር። እርሱ ስለ ደም ምርመራ የሚያውቀው አንዳችም ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት አንድ ነገር ማስገንዘብ ይገባናል። በአገራችን የጤና ተቋማት መመሪያ መሠረት አንድ መስመር ብቻ ታይቶ «ቫይረሱ አለብህ» አይባልም። የመጀመሪያው ምርመራ የሚያደርገው ማጣራት ነው። ጉዳዩ የሚወሰነው ቀጥሎ በሚመጣው ነው።

ሚዛኑን መቀየር

በጉደር ገበያ ጤፍ የሚሸምት ሰው የነጋዴውን ሚዛን ከተጠራጠረ ምን ያደርጋል? እህሉን በዚያው ሚዛን ላይ አሥር ጊዜ ቢመዝነው የሚያገኘው ያንኑ የተዛባ ክብደት ነው። ማድረግ ያለበት ወደ ሌላ ሰው ሚዛን መውሰድ ነው። በፊዚክስ ስሕተት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወዲያና ወዲህ የሚዋዥቅ ድንገተኛ ስሕተት ሲሆን፣ ልኬቱን በመደጋገም ይቀንሳል። ሁለተኛው ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብል ሥርዓታዊ ስሕተት ነው፤ ይህ ሺህ ጊዜ ቢደገም አይጠፋም። በአንድ ሰው ደም ውስጥ ጓጉንቸሩን በአጋጣሚ የሚገጥም ቁልፍ ካለ ስሕተቱ ሥርዓታዊ ነው። ያንኑ ዓይነት መመርመሪያ ነገም ከነገ ወዲያም ብንጠቀም መስመሩ ይወጣል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ምርመራ ከሌላ አምራች፣ በሌላ ፕሮቲን የተሠሩ እንዲሆኑ የሚደረገው ለዚህ ነው።

ምርመራዎቹ በእርግጥ ከተለያዩ ቁጥሩ በፍጥነት ይሻሻላል። በገጠሩ ምሳሌያችን በመጀመሪያው ምርመራ ከተሳሳቱት 100 ጤነኞች መካከል ሁለተኛው የሚሳሳተው በአንዱ ብቻ ነው፤ ከ41 ሰዎች 40ው እውነት፣ ማለትም 97.6 በመቶ ይሆናል። ሦስተኛው ሲጨመር የሚቀረው የስሕተት ቁጥር 0.01 ነው፤ ከ10,000 ሰዎች ሳይሆን ከአንድ ሚሊዮን ሰዎች አንድ ማለት ነው።

ሦስተኛው ምርመራ የሚሠራበት መንገድ ግን ሁሉን ይለውጣል። በአገራችን ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት በቆየው አሠራር፣ ሁለቱ የመጀመሪያ ምርመራዎች ሳይስማሙ ሲቀሩ ሦስተኛው እንደ ዳኛ ሆኖ ይፈርድ ነበር። ይህ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ሁለት ለአንድ ነውና። እስቲ እናስላው። ከ100ዎቹ ሁለተኛው ምርመራ 99ኙን በትክክል «የለም» ይላቸዋል። ከእነዚህ መካከል ዳኛው አንዱን በስሕተት «አለ» ይለዋል። ሁለቱም ምርመራዎች የተሳሳቱበት አንድ ሰው ሲጨመር በጠቅላላው ሁለት ሰዎች በስሕተት ይመዘገባሉ። ሦስቱም ምርመራዎች «አለ» ካላሉ አይመዘገብም ቢባል ኖሮ 0.01 ብቻ ይሆን ነበር። ልዩነቱ ሁለት መቶ እጥፍ ነው። በዚህም ላይ ስሌቱ ሦስቱ ምርመራዎች ፈጽሞ አይመሳሰሉም ብሎ የሚነሣ ነው፤ በተግባር ግን ፕሮቲኖቻቸው በከፊል ይመሳሰላሉ።

ነገሩ የወረቀት ላይ ሒሳብ ብቻ አይደለም። በ2015 የታተመ፣ በኢትዮጵያ ሁለት ቦታዎች የተካሄደ ጥናት፣ ካላ አዛር የያዛቸው ሕሙማን በኤች አይ ቪ ምርመራ በስሕተት ፖዘቲቭ የመባል ዕድላቸው ይበልጥ እንደሆነ ለማወቅ ተነሥቶ ነበር። በዚህ የዳኛ አሠራር ፖዘቲቭ ከተባሉት 250 ገደማ ሰዎች መካከል በጠለቀ ምርመራ ሲጣራ 18ቱ ቫይረሱ የሌለባቸው ሆነው ተገኙ። ካላ አዛር ያለባቸውና የሌለባቸው ሲነጻጸሩ ግን የጎላ ልዩነት አልታየም፤ ጥፋቱን በካላ አዛር ብቻ ማላከክ እንደማይቻል አጥኚዎቹ ገልጸዋል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 አገሮች ሁሉ ሦስት ተከታታይ ምርመራዎች ሲስማሙ ብቻ «ፖዘቲቭ» ወደሚባልበት አሠራር እንዲሸጋገሩ መክሯል። ምርመራዎቹ ካልተስማሙ ውጤቱ ያልተወሰነ ነው ተብሎ ሰውዬው ከ14 ቀን በኋላ እንዲመለስ ይደረጋል። ምክንያቱ በላይ ያሰላነው ነው። በመከላከልና በሕክምና ምክንያት ከሚመረመሩት መካከል ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች ድርሻ እየቀነሰ ሲሄድ፣ የቀድሞው ምርመራ ያው ሆኖ ሳለ ስሕተቱ እየጎላ ይመጣል። የበሽታ መቀነስ የምርመራን ቃል ያዳክማል ማለት ለጆሮ እንግዳ ነው፤ ሒሳቡ ግን ይህንኑ ይላል።

«ነጻ ነኝ»

ኔጋቲቭ ውጤት ያገኘ ሰው በአነጋገራችን «ነጻ ወጣሁ» ይላል። ቃሉ ከፍርድ ቤት የተወሰደ ስለሆነ ይመስላል ነገሩ ለዘለዓለም የተዘጋ መዝገብ ተደርጎ ይታሰባል። ውሻው ገና ያልነቃበት ጊዜ ያልነው እዚህ ላይ ነው። ቫይረሱ በገባባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት በደም ውስጥ ቢበዛም ፀረ እንግዳ አካላቱ ገና አልተመረቱም። ከጣት በተወሰደ ደም የሚደረግ ፈጣን የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ቫይረሱን ሊያሳይ የሚችለው ከተጋለጡበት ዕለት ጀምሮ ከ23 እስከ 90 ባሉት ቀናት ውስጥ ነው። የቫይረሱን ዘረ መል የሚፈልገው ምርመራ ግን ከ10 እስከ 33 ባሉት ቀናት ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በፊት የተጋለጠ ሰው ዛሬ ያገኘው ኔጋቲቭ የሚናገረው ስለ ዛሬ ሳይሆን፣ ከሦስት ወር በፊት ስለነበረው ሁኔታው ነው። ከዋክብትን ስናይ የምናየው ድሮ የተነሣውን ብርሃን እንደሆነ ሁሉ ማለት ነው።

በሕፃናት ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እናት ፀረ እንግዳ አካሎቿን በእንግዴ ልጅ በኩል ለልጇ ታወርሳለች። ስለዚህ ቫይረሱ ያለባት እናት የወለደችው ሕፃን፣ ራሱ ፈጽሞ ጤነኛ ቢሆንም፣ በፈጣኑ ምርመራ መስመር ሊወጣለት ይችላል፤ የተሰማው የእናቱ ውሻ ነው። ይህ ውርስ እስከ 18 ወር ድረስ ሊቆይ ስለሚችል ለእነዚህ ሕፃናት የቫይረሱ ዘረ መል በቀጥታ ይፈለጋል። ከተረከዝ የተወሰደ የደም ጠብታ በወረቀት ላይ ደርቆ ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ ይላካል። የደረቀ ደም በረዶ አያስፈልገውም፤ በፖስታ ታሽጎ በአውቶቡስ ሊሄድ ይችላል። ከዋና ከተማ ለራቁ ጤና ጣቢያዎች ይህ ቀላል የሚመስል ዘዴ ትልቅ ነገር ነው።

የሲዲ4 ቁጥርና የጉደር ወንዝ

ኤች አይ ቪ በተለይ የሚያጠቃው ሲዲ4 የሚባለው ፕሮቲን በገጻቸው ላይ ያለባቸውን ነጭ የደም ሕዋሳት ነው። ስለዚህ እነዚህን ሕዋሳት መቁጠር የመከላከያ ሥርዓቱ ምን ያህል እንደተጎዳ ያሳያል። ሕዋሳቱ ብርሃን በሚሰጥ ቀለም ምልክት ከተደረገባቸው በኋላ፣ በቀጭን የፈሳሽ ጅረት ውስጥ አንድ በአንድ በሌዘር ጨረር ፊት ያልፋሉ። መሣሪያው እያንዳንዱን ብልጭታ ይቆጥራል።

ቆጠራ ሁሉ የራሱ መዋዠቅ አለው። የተቆጠረው ብዛት አራት መቶ ከሆነ፣ መዋዠቁ የአራት መቶ ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 20 ነው። ከመቶ ዘጠና አምስቱን ጊዜ የሚያጠቃልለው ወሰን ደግሞ የዚህ እጥፍ፣ ወደ 40፣ ይህም 10 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ማይክሮ ሊትር 200 የሚል ወረቀት ሲነበብ «በ180 እና በ220 መካከል» ተብሎ ነው። ይህም ሕዋሳቱ በቀን ውስጥ በራሳቸው ከፍና ዝቅ የሚሉበትን፣ ጉንፋንም ቢሆን የሚያወርዳቸውን ሳንጨምር ነው። በሰኔ 210 የነበረው በታኅሣሥ 190 ሆነ ብሎ የሚደነግጥ ሰው የሚደነግጠው በስኩዌር ሩት ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ ግን «ከምን ጋር እናነጻጽረው?» የሚለው ነው። የጉደር ወንዝ በነሐሴ ወር ሞልቶ ወደ ዓባይ ሲወርድና በጥር ድንጋዩ ሲታይ የውኃው ከፍታ አንድ አይደለም። መደበኛውን የማያውቅ ሰው በጥር ቢመጣ ወንዙ ሊደርቅ ነው ይላል። በሕክምና ወረቀት ላይ ከውጤቱ ጎን የሚጻፈው መደበኛ ወሰን የሚወሰደው ጤነኞች ከተባሉ ሰዎች ነው። ለረጅም ጊዜ በአገራችን ላቦራቶሪዎች የተሠራበት ወሰን ግን የሌላ አገር ጤነኞች ወሰን ነበር።

ይህን የመረመረው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ነበር። በ1999 በታተመው ጥናት 485 ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ደማቸው ተለክቷል፤ ከእነዚህም መካከል በዕጣ ለተመረጡት 142ቱ የመከላከያ ሕዋሳቶቻቸው ተቆጥረው፣ ከ1,356 የኔዘርላንድስ ደም ለጋሾች ጋር ተነጻጽረዋል። የኢትዮጵያውያኑ የነጭ ደም ሕዋሳት አማካይ በማይክሮ ሊትር 6,100፣ የሲዲ4 አማካይ 775 ሆነ። ሲዲ4ቱ ከኔዘርላንድሳውያኑ በእጅጉ ያነሰ ሲሆን፣ ሲዲ8 የሚባሉት ሕዋሳት ግን በተቃራኒው በዝተው ተገኙ። የነጭ ደም ሕዋሳቱና የደም አርጊዎቹም ቁጥር በአገሪቱ ሲሠራበት ከነበረው ወሰን ያነሰ ነበር። ማለትም አንድ ፍጹም ጤነኛ ኢትዮጵያዊ በውጭ አገር ወሰን ሲለካ «ዝቅተኛ» የሚል ምልክት በወረቀቱ ላይ ሊያገኝ ይችል ነበር። በእኛ አስተያየት ይህ ጥናት በአገራችን ከተሠሩት የልኬት ሥራዎች ሁሉ በየትምህርት ቤቱ ሊነገር የሚገባው ነው፤ መሣሪያውን ሳይሆን ማነጻጸሪያውን ጠይቋልና።

የሲዲ4 ቁጥር በአንድ ወቅት የሕይወትና የሞት በር ነበር። በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት በጀመረበት በ2005 አካባቢ፣ መድኃኒቱን ለመጀመር ዋናው ድንበር 200 ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት ድንበሩን በ2010 ወደ 350፣ በ2013 ወደ 500 ከፍ አድርጎ፣ በ2015 ቫይረሱ ያለበት ሁሉ ሳይዘገይ እንዲጀምር መከረ። በ195 እና በ205 መካከል ያለው ልዩነት ከመሣሪያው መዋዠቅ ያነሰ እንደነበር ስናስብ፣ ድንበሩ መቅረቱ የሚያሳዝን አይደለም። ሆኖም ቁጥሩ ጥቅሙ አልቀረም። ከ200 በታች የሆነ ሰው እንደ ሳንባ ነቀርሳ ላሉ ተደራቢ ሕመሞች የተጋለጠ ስለሆነ ተጨማሪ ምርመራ ይደረግለታል።

የቫይረስ መጠን

የቫይረስ መጠን ምርመራ ዘረ መሉን በየዙሩ እጥፍ እያደረገ ያባዛል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያለ በአሥር ዙር 1,024 ይደርሳል። መሣሪያው የሚለካው ብርሃኑ ለመታየት ስንት ዙር እንደ ፈጀ ነው። ልኬቱ በእጥፍ የሚሄድ በመሆኑ ስሕተቱም የሚቆጠረው በመደመር ሳይሆን በማባዛት ነው። ሐኪሞች በሎጋሪዝም የሚናገሩት ስለዚህ ነው። ከ0.5 ሎግ ያነሰ ለውጥ፣ ማለትም ከሦስት እጥፍ ትንሽ ከፍ ያለው ድረስ ያለው ልዩነት፣ እንደ ለውጥ አይቆጠርም። ከ20,000 ወደ 40,000 የወጣ ውጤት «በሃያ ሺህ ጨመረ» ሲባል ያስፈራል፤ በሎጋሪዝም ግን 0.3 ብቻ ነው።

በሕክምና ላይ ያለ ሰው «አይታይም» የሚል ውጤት ሲያገኝ ደስታው ተገቢ ነው። በዚህ ሁኔታ የሚቆይ ሰው ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላው አያስተላልፍም። ይሁን እንጂ «አይታይም» ማለት በሚሊ ሊትር ከ20 ወይም ከ50 ቅጂ፣ መሣሪያው ሊያይ ከሚችለው በታች ነው ማለት እንጂ ዜሮ ነው ማለት አይደለም። ቫይረሱ በተኙ የሲዲ4 ሕዋሳት ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ይህን ወረቀት የመዳን ማስረጃ አድርገው መድኃኒታቸውን የሚያቋርጡ ሰዎች አሉ፤ በብዙዎቹም ላይ ቫይረሱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይመለሳል።

አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም

ስለ ጉበት ቫይረስ «ቢ» ጥቂት እንጨምር። በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት መስመሮች ሊኖሩ ይችላሉ። ኤች ቢ ኤስ ኤ ጂ የሚባለው የቫይረሱ የራሱ ሽፋን ነው፤ እርሱ ፖዘቲቭ ከሆነ ቫይረሱ በደም ውስጥ አለ፤ ከስድስት ወር በላይ ከቆየም ሥር የሰደደ ይባላል። አንቲ ኤች ቢ ኤስ የሚባለው ግን የመከላከያ ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ እዚህ ላይ ፖዘቲቭ መሆን መልካም ዜና ነው። ሦስተኛው፣ አንቲ ኤች ቢ ሲ፣ ሰውዬው ከእውነተኛው ቫይረስ ጋር ተገናኝቶ እንደሆነ ይናገራል፤ ክትባት ይህን አያመጣምና። ስለዚህ ሁለተኛው ብቻውን ፖዘቲቭ የሆነለት ሰው የተከተበ ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ፖዘቲቭ፣ የመጀመሪያው ኔጋቲቭ የሆነለት ታሞ የዳነ ነው፤ ሦስቱም ኔጋቲቭ የሆኑበት ገና ያልተነካና ክትባት ሊያገኝ የሚገባው ነው። ክትባቱ በአገራችን የሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው በ2007 ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ የተወለዱ ብዙ ወጣቶች ሁለተኛውን መስመር ፖዘቲቭ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። «ጉበት ፖዘቲቭ ነህ» የተባለ ተማሪ ከማዘኑ በፊት የሚጠይቀው «የትኛው?» ብሎ ነው።

ለመልመጃ ያህል፣ በከተማው ስርጭት፣ በ2.9 በመቶ፣ የዳኛውን አሠራርና የሦስት ተከታታይ ምርመራዎችን አሠራር አስልታችሁ ከገጠሩ ጋር አነጻጽሩ። ቀጥሎም የቫይረስ መጠኑ ከ150 ወደ 400 የወጣ ሰው በእርግጥ ለውጥ አሳይቷል ወይ የሚለውን መልሱ። በመጨረሻም መሣሪያው 100 ሕዋሳትን ብቻ ቆጥሮ የሲዲ4 ቁጥርን 350 ብሎ ቢጽፍ፣ ከቁጥሩ ጎን ምን ያህል የስሕተት ወሰን መጻፍ እንደነበረበት አውጡ።